ጃዙ ከኋላ ረድፍ ነበር

ጌታቸው መኩሪያን «ከአሜሪካኖቹ ቀድሞ ፍሪ ጃዝ የተጫወተ ኢትዮጵያዊ» ብሎ ማሞገስ አሁን አሁን የአዋቂነት ምልክት ሆኗል። አየር ጤና አካባቢ ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ የሳክስፎን ነገር ካነሳችሁ ማኪያቶው ሳይቀርብ አንዱ ይህን ይነግራችኋል። በሬዲዮ ይባላል፤ በመድረክ ይባላል። የውጭ ጸሐፊዎች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር እያወዳደሩ ከጻፉት ተቀድቶ፣ እንደ ራሳችን ግኝት ተመልሶ ይነገረናል። ስሌቱም ቀላል ነው። የኦርኔት ኮልማን ዝነኛ አልበም የወጣው በ1959 ነው፤ አይለር መቅዳት የጀመረው በ1962 ነው፤ ጌታቸው ደግሞ በ1950ዎቹ ሽለላን በሳክስፎን ይነፋ ነበር። ስለዚህ ቀደምናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

እኔ ይህን ሙገሳ አልቀበልም። የጌታቸው ትልቅነት ላይ ክርክር የለኝም፤ ክርክሬ ከተሰፈረበት ቁና ጋር ነው። ጌታቸው ፍሪ ጃዝ አልተጫወተም፤ ሽለላ ነው የነፋው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጃዝ አልነበረም ማለቴም አይደለም። ነበረ። ግን እሱ ብድግ ብሎ ብቻውን በሚነፋበት ሰዓት ሳይሆን፣ ከኋላው ተደርድረው የተቀመጡት ትራምፔትና ትሮምቦን ነፊዎች ፊት በተዘረጋው ኖታ ላይ ነበር። ስሙን ለማይፈልገው ሰጥተን የሚገባቸውን ረሳናቸው።

ከሰውየው እንጀምር። ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለደ። እጁን ያፍታታው በክራርና በማሲንቆ ነው፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ከዚያ በኋላ መጡ። በ1949፣ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሙዚቃ ክፍል ገባ። በ1955 የብር ኢዮቤልዩውን ምክንያት አድርጎ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ወሰደው። በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ ፖሊስ፤ ይህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ የደመወዝተኛ ታሪክ ነው። የኒው ዮርክ ፍሪ ጃዝ ተጫዋች የሚባለው ሰው ምስል ግን ሌላ ነው፦ ከክለብ ባለቤት የተጣላ፣ ከባልደረቦቹ የተገለለ፣ ኪሱ ባዶ፣ ሐሳቡ ብቻ ያለው። ይህን ካፖርት ነው ለጌታቸው ያለበስነው። ለጌታቸው አይሆነውም። እሱ ብዙውን ዕድሜውን ያሳለፈው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ያቀናበረውን፣ ዘፋኝ እያጀበ ነው። ሽለላው የመጣው ከዚህ ወንበር ብድግ ሲል ነው።

ሽለላ ላልለመደው ጆሮ ልቅ ይመስላል። ምት አይቆጥርም። አንዱ ድምፅ ተይዞ ተይዞ ይቆያል፤ ከዚያ ይወረወርና ይወድቃል፤ ከዚያ ዝም ይባላል፤ ከዚያ ቃላት እንደ እሩምታ ይንጣጣሉ። የውጭው ሰሚ ከበሮ የማይከተል ነገር ሲሰማ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፤ «ፍሪ» ይለዋል። የኛ ሰው ግን የሚሰማውን ያውቃል፣ ቢያንስ ማወቅ ነበረበት። ሰርግ ላይ ወይም ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ብድግ ሲሉ የሚሆነውን ተመልከቱ። «ዘራፍ!» ብለው ይነሳሉ፤ ሰዉ ቦታ ይለቃል። መጀመሪያ ድምፃቸውን ወደ ላይ ይሰቅሉትና ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ይይዙታል። ያ ትንፋሽ ነው መለኪያው። ቶሎ ከለቀቁት «አረጁ» ይባላሉ። ከለቀቁት በኋላ ያለችው ዝምታ የእሳቸው አይደለችም፤ የተቀባዩ ናት። ሰዉ «በለው!» ይልባታል፣ ሴቶች እልል ይሉባታል፤ ማንም ካልሞላት ፎካሪው ወድቋል። ከዚያ አባታቸውን፣ ፈረሳቸውን፣ ጠመንጃቸውን በአንድ ትንፋሽ ይደረድሩታል፣ ይንጎራደዳሉ፣ ወደ መጀመሪያው ከፍታ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ሕግ ነው። ከበሮ ስለማይቆጥረው ሕግ አልባ አይሆንም።

አሁን ጌታቸውን ስሙት። ቴነር ሳክስፎኑ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ተሰቅሎ ይጀምራል። ድምፁ ሲያዝ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መጨረሻው ላይ በሰፊው ይንቀጠቀጣል፣ የሚያቅራራ ሰው ጉሮሮ እንደሚንቀጠቀጠው። ከዚያ ይለቀዋል፤ ቁልቁል ይንደረደርና ድንገት ይቆማል። ቀጥሎ የሚመጣው የድምፅ ናዳ ለጃዝ ጆሮ «ኢምፕሮቪዜሽን» ነው፤ ለይፋት ጆሮ ግን የስም ድርደራው ነው፤ አባቱን፣ ፈረሱን፣ ጠመንጃውን እየጠራ ነው፣ ቃሉ ብቻ ተቀንሶለት። በመካከሉ የተዋት ክፍተትም የተሳሳተ ሰው የተዋት አይደለችም። ተቀባዩን እየጠበቀ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ሸክላ የወጣውን፣ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» ያሰኘውን አልበም ሲያዳምጡ እነዚያ ክፍተቶች ውስጥ «በለው!» ለማለት አፍ የሚበላው ሰው፣ ሙዚቃውን ከማንም የጃዝ ሐያሲ በተሻለ ተረድቶታል።

ኦርኔት ኮልማን ያደረገው ሌላ ነው። እሱ የወረሰው ቤት ነበረው፦ የቢባፕ ኮርዶች፣ እየተከታተሉ የሚለዋወጡ፣ ሶሎ የሚነፋው ሰው ከእነሱ ስር የማይወጣባቸው። ያንን ቤት አፈረሰ፤ ትልቅነቱም እዚያ ላይ ነው። ጌታቸው የሚያፈርሰው የኮርድ ቤት አልነበረውም። ከእናት ከአባቱ ያገኘው ቅኝት ኮርድ ኖሮት አያውቅም። ያልታሰረ ሰው ተፈታ አይባልም። ሁለቱ ሙዚቃዎች ለአንድ አፍታ ቢመሳሰሉ አንዱ ከሸሸበት፣ ሌላው ደግሞ ከኖረበት ተነስተው ስለተገናኙ ነው። የመጀመሪያው ማን ነው ብሎ መሽቀዳደም የሚቻለው አንድ መንገድ ላይ ላሉ ሯጮች ነው።

«ታዲያ ሳክስፎኑ ከየት መጣ? የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ አልነበረም? የሰላም ጓዶች ከ1962 ጀምሮ ያመጧቸው ሸክላዎችስ?» የሚለኝ ይኖራል። ሳክስፎን የቤልጅጉ የአዶልፍ ሳክስ ፈጠራ ነው፤ ልክ ነው። ውጅግራም የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር፤ በውጅግራ የተፎከረውን ፉከራ ግን ማንም የፈረንሳይ አላለውም። መሣሪያው የመጣበት አገር የዜማውን ዘር አይወስንም። ጌታቸው ራሱ መድረክ ላይ ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። ይህን እንደ ትርኢት ማድመቂያ የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኔ ሰውየው የሚጫወተው ምን እንደሆነ በግልጽ ሲናገር ነው የማየው። ጃዝ ልጫወት ነው ብሎ ጎፈር የሚደፋ የለም።

ጃዙ የት ነበር ታዲያ?

የነሐስ መሣሪያ አገራችን የገባው ከዓድዋ ድል ማግሥት ከሩሲያው ዛር በስጦታ በመጡ መሣሪያዎች ነው ይባላል። ሥር የያዘው ግን በ1924 ነው፤ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ባስመጡ ጊዜ። «አርባ ልጆች» ተባሉ። የዘውዳዊውን ሥርዓት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው ይኸው ኬቮርክ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ሰፋ፤ ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ኋላም ቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፣ ኦስትሪያዊው ፍራንስ ዜልቬከር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ልጆቹን ኖታ አስተማሩ። ቅርጹ ማርሽ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሳክስፎኖች በአንድ ረድፍ፣ ትራምፔቶች በሌላ፣ ትሮምቦኖች በሦስተኛው፣ ከኋላ ድራም፣ ከፊት ዘፋኝ። ይህ አቀማመጥ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የአሜሪካኖቹ የዱክ ኤሊንግተንና የግሌን ሚለር ባንዶች አቀማመጥ ነው። ጃዝ አዲስ አበባ ሲገባ የገባው በዚህ በር ነው፤ በወንበር አደራደር፣ በቅንብር፣ አንዱ ረድፍ ጠይቆ ሌላው በሚመልስበት ዘዴ።

እዚህ ላይ ነው የአገራችን ሙዚቃ እውነተኛ የፈጠራ ጭንቅ የነበረው፤ የሚገባውን ትኩረት ግን አላገኘም። አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝት ላይ እንዴት ሦስት ረድፍ ነሐስ ይጻፋል? አንቺሆዬን ውሰዱ። አንዳንዶቹ ድምፆች ተጣብቀው፣ ሌሎቹ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። የአውሮፓን ኮርድ ዝም ብላችሁ ከሥሩ ብትከቱበት ዜማው የማያውቀው ድምፅ ይገባና አንቺሆዬነቱ ይጠፋል። ስለዚህ አቀናባሪው ይመርጣል። አንዳንዴ ሁሉም ነፊዎች አንዱን ዜማ አብረው እንዲነፉ ያደርጋል፣ ከፍና ዝቅ ባለ ስምንተኛ ብቻ ለይቶ። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ላይ ቆዳን የሚያሻክረው ያ የነሐስ ድምፅ፣ ፈረንጆች «ጨለማ» ምናምን የሚሉት፣ የመጣው ከዚህ ምርጫ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዘፋኙ ሲተነፍስ ትራምፔቶቹ አጭር ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ትሮምቦኖቹ ከሥር ረጅም ድምፅ ያነጥፋሉ። ትሮምቦን ቁልፍ የለውም፤ ቱቦው ሲሳብና ሲገፋ ነው ድምፁ የሚለዋወጠው። በሁለት ቁልፎች መካከል የማይገኘውን፣ ማሲንቆ ላይ ጣት ሲንሸራተት የሚወጣውን ድምፅ፣ ከነሐሱ ወገን ማውጣት የሚቀለው ለእሱ ነው። ከውጭ ከመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ለኛ ዜማ የቀረበው ትሮምቦን ይመስለኛል፤ ዕድሉ ግን ከኋላ መቀመጥ ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ የኋላ ረድፍ ስም አለው። ጃክ ቲጋርደን ትሮምቦን ነፊም ዘፋኝም ነበር፤ ከ1947 ጀምሮ ለዓመታት ከሉዊ አርምስትሮንግ ጎን ቆሞ ሠርቷል፤ የሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። በኤሊንግተን ባንድ ውስጥ የነፉትን ትሮምቦኒስቶች አንድ የጃዝ ወዳጅ እየደረደረ ይቆጥርላችኋል። የኛን ሸክላ ግልብጥ አድርጋችሁ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት እዩ። የዘፋኙ ስም አለ፤ ቢበዛ «ፖሊስ ኦርኬስትራ» ይላል። ትሮምቦን ነፊው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተጠቃሏል።

እኛ ኮልፌዎች ስለ ፖሊስ ስናወራ የሚቀናን ፈጥኖ ደራሽን ማንሳት ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚህ ሰፈራችን፣ በፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው፤ ሰፈሩም ይኮራበታል፣ ተገቢም ነው። ያ ፖሊስ ግን ጠመንጃ ብቻ አልነበረም የሚያስይዘው። ሒሩት በቀለን ያሠራው፣ ዓለማየሁ እሸቴን ገና በወጣትነቱ ያዘፈነው፣ ጌታቸውን ከቴአትር ቤት የተቀበለው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። የዘመኑን ሙዚቃ ታሪክ በነጠላ ጀግኖች ብቻ ስንጽፈው ይህ ሁሉ ይቆረጣል፤ ሥልጠናው፣ ልምምዱ፣ ነሐስ የሚጠግነው ሰው፣ ኖታ የሚገለብጠው ሰው፣ በወሩ መጨረሻ የሚከፈለው ደመወዝ። አዋቂ ነኝ ባዩ ደግሞ ይህን ሁሉ «የመንግሥት ባንድ» ብሎ ያጣጥለውና «ነጻው» ጌታቸው ላይ ይቸከላል። የጌታቸው ነጻነት የተቀለበው በዚያ ደመወዝ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄን እዚህ ክርክር ውስጥ የሚያስገባ ካለ ነገሩን ያምታታል። ሙላቱ እንግሊዝ፣ ኋላም ቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ አልበም አውጥቶ፣ ቫይብራፎኑን ይዞ መጥቶ የሠራውን ራሱ ኢትዮ ጃዝ ብሎታል። ለገዛ ሥራው ያወጣው ስም ነው፣ ያምርበታልም። በ1973 ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ከጎኑ የነበረውም እሱ ነው። ችግሩ የሙላቱ ስም በሙላቱ ላይ መለጠፉ አይደለም። ከእሱ በፊትም በኋላም የተነፋውን ሁሉ፣ ሽለላውንም የዳንስ ቤቱንም የወታደር ማርሹንም፣ በአንድ ጆንያ ከትተን ያንኑ ስም ማሰራችን ነው።

ይህ የስም ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ጉዳቱን ግን እዚሁ ሰፈሬ አይቼዋለሁ። ቤተል አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ነው። ሙዚቃውን የያዘው አንድ ወጣት ነበር፤ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ስፒከር፣ በቃ። የሙሽራው አጎት ሞቅ አላቸውና «ዘራፍ!» ብለው ተነሱ። ልጁ አልደነገጠም። ምቱን ቁልፍ ተጭኖ አጠፋው፣ ቁልቁል አንድ ረጅም ድምፅ ያዘላቸው፣ እሳቸው ሲተነፍሱ በማሲንቆ ድምፅ ጣል እያደረገ ተቀበላቸው፤ ከዚያ «ብራስ» የሚለውን ተጭኖ የአንድ ረድፍ ሙሉ ትራምፔት በአንድ ጣቱ አስጮኸው። ክፍተቷን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ አንድም ጊዜ በላያቸው አልሄደባቸውም። ሲያበቃ ጠጋ ብዬ አሞገስኩትና የጌታቸውን ሸክላ ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እንዴ ጋሼ፣ ጌታቸው እኮ ጃዝ ነው» አለኝ። «እኛ የምንሠራው ባህላዊ ነገር ነው፤ ሰርግ ነው።»

አያችሁ? ጌታቸው ያደረገውን ነገር፣ ከትንፋሹ እስከ ዝምታው፣ ቁርጥ አድርጎ የሚያደርግ ልጅ፣ ጌታቸው የእሱ ወገን እንዳልሆነ ተነግሮታል። ጃዝ የሚባል፣ ቦሌ ያለ፣ መግቢያ የሚያስከፍል፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው የሚያዳምጡት ነገር ውስጥ ተወስዶበታል። የነሐሱ ረድፍ ለምን አንድ ቁልፍ ሆኖ እንደቀረም ይታወቃል፦ ከ1974 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የማታውን ሥራ ገደለ፣ ሸክላው በካሴት ተተካ፣ ካሴት አሳታሚው ደግሞ ዐሥር ነፊ ከመክፈል አንድ ኪቦርድ መክፈል መረጠ። ይህን ማንም አይመልሰውም። ልጁን ከአባቱ የለየው ግን ሰዓት እላፊውም ኪቦርዱም አይደለም። እኛ የለጠፍንበት ስም ነው።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። «ጃዝ» የሚለው ስም በር ከፍቷል። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የወጡት የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ባይኖሩ፣ ከእነሱም ዐሥራ አራተኛው ለጌታቸው ባይሰጥ፣ የአውሮፓ መድረክ ላይ ባላየነው ነበር። ሸክላ ሻጭ ሸክላውን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም። ግን የሱቅ መደርደሪያ የታሪክ ምዕራፍ አይደለም። ደግሞም «ፈረንጆች ከመረሳት አወጡት» የሚለውን ዜማ ተዉት። እዚህ አገር ሳክስፎን ሲባል ጌታቸው፣ ጌታቸው ሲባል ሳክስፎን የተባለበት ዘመን ብዙዎቹ አዳኞች ሳይወለዱ ነበር።

ከውጭ ሰዎች ሁሉ ነገሩ የገባቸው፣ የሚገርመው፣ የጃዝ ሰዎች አይደሉም። ዘ ኤክስ የሚባሉ የኔዘርላንድ ፓንኮች ናቸው። በ2004 የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓላቸው ላይ ጋበዙት፤ ከዚያ በኋላ ጌታቸው ራሱ «እናንተ አጅቡኝ» አላቸው። ጠያቂው እሱ ነው፤ ይህን አስምሩበት። እነሱም ወደ ጃዝ አልጎተቱትም፤ ጊታራቸውን እንደ ከበሮ እየደበደቡ ሽለላውን ተቀበሉት፣ ልክ ሰርግ ላይ እንደሚቀበለው ሰው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ፤ በ2016 እስካረፈ ድረስም ስማቸው ከስሙ ጋር ይነሳ ነበር። በዚያ አልበም ላይ ለነሐሱ የተጠሩ እንግዶች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ትሮምቦን ነፊው ዮስት ባውስ ነው። የጃዝ ሰው ነው፤ ሽለላ ሊማር የመጣ የጃዝ ሰው። ስሙ አልበሙ ላይ ታትሟል፣ ከነመሣሪያው።

ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ለዓመታት ከጌታቸው ጀርባ ትሮምቦን የነፉት ግን ስማቸው በሸክላው ላይ የለም። ከነሐሱ ረድፍ ሰዎች መካከል ዛሬም በሕይወት ያሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የደመወዝ መዝገብና የኖታ ወረቀት የማይጥሉ መሥሪያ ቤቶች ናቸው ያሠሯቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የድሮ ሸክላ መልሶ የሚያትም ኩባንያ ሲመጣ፣ «ይህ ጃዝ ነው ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት እኛ እንጠይቀው፦ ሁለተኛው ትሮምቦን ማነው? መልሱን ሳይጽፍ ሽፋኑን እንዳያትም።